በጅማ ዞን የአንድ ወረዳ ሆስፒታል፦ ከተገልጋይ የተሰጠ አስተያየት

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዱን ያስቀረሁት በመድኃኒት ቤቱና በራጁ ምክንያት ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። አራቱን የሰጠሁት ለሕንፃው ወይም ለመሣሪያው አይደለም። እዚያ ለሚሠሩት ሰዎች ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥለውን ሳይሄዱ ለቆዩት።

በጅማ ዞን አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ የተወለድሁትም እዚሁ ነው። የሆስፒታሉን ስም ያልጻፍሁት የምነቅፈው ነገር የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ወረዳ ላይ ታክሞ የሚያውቅ ሰው የራሱን ሆስፒታል በዚህ ውስጥ ያገኘዋል።

ለማያውቅ ሰው አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ታች ቀበሌ ላይ ጤና ኬላ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ ያገለግሉበታል። ከዚያ እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ ጤና ጣቢያ ይቀጥላል። ከዚያ በላይ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሲሆን ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያክም ታስቦ የሚሠራ ነው። ኦፕራሲዮን የሚጀመረው እዚህ ነው። ከዚህ ያለፈው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይላካል። ስለዚህ ለኛ ሆስፒታሉ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሰው ግቢው ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚል ጥያቄ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ታናሽ እህቴን ምጥ ያዛት። የምትኖርበት ቀበሌ ከዋናው መንገድ ርቆ ዳገት ላይ ስለሆነ በክረምት አምቡላንስ አይወጣውም። የሰፈሩ ወጣቶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ጠጠር መንገዱ አወረዷት፤ አምቡላንሱ እዚያ ጠብቆ ጤና ጣቢያ አደረሳት። የተቀበለቻት አዋላጅ ነርስ የድሮ ተማሪዬ ናት። በር ላይ ሆኜ ስትሠራ አየኋት። በየግማሽ ሰዓቱ የፅንሱን የልብ ምት ታዳምጣለች፣ የእህቴን እጅ ይዛ ምጡን በሰዓቷ ትቆጥራለች፣ ከዚያ የምጥ መከታተያው ወረቀት ላይ ነጥብ አድርጋ ከቀደመው ጋር በመስመር ታገናኛለች። ነጥቡ የማስጠንቀቂያ መስመሩን አልፎ ወደ ቀኝ ሲወጣ ወረቀቱን አምጥታ አሳየችኝና «ቲቸር፣ ከዚህ በላይ መጠበቅ የለብንም፤ ሪፈር እጽፋለሁ» አለችኝ። ወረቀቱን ጽፋ ብቻ አልላከችንም። እዚያው ቆማ ለሆስፒታሉ ተረኛ ደወለችና የእህቴን ዕድሜ፣ ስንተኛ ልጇ እንደሆነ፣ ምጡ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ የፅንሱ የልብ ምት ስንት እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረችው።

እኛ ስንደርስ የኦፕራሲዮን ክፍሉ በርቶ ነበር። ሰመመን ሰጪው መርፌውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ኦፕራሲዮን የሚያደርገው ባለሙያ እጁን እየታጠበ ነው፣ አንዷ ነርስ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚሰጥ ከኛ ጋር የመጡትን ዘመዶች ትጠይቃለች። መብራት ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ጀነሬተሩ ተነሣ። ከገባች አንድ ሰዓት ሳይሞላ እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ለኦፕራሲዮኑ ምንም አልከፈልንም። በመንግሥት ተቋም የወሊድ አገልግሎት ነፃ ነው። ክርና ጓንት ከውጭ ግዙም አልተባልንም። ይህን ለይቼ የምጽፈው ነፃ በተባለው አገልግሎት ላይ የዕቃ ዝርዝር ተሰጥቷቸው በሌሊት ፋርማሲ ያንኳኩ ሰዎችን ስለማውቅ ነው።

ኦፕራሲዮን ያደረገላት ሰው የሕክምና ዶክተር አይደለም፤ ከተማው ሁሉ ግን «ዶክተር» ነው የሚለው። መጀመሪያ ጤና መኮንን ነበረ፤ ከዚያ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ የሦስት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ተምሯል። ይህ ትምህርት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የቀዶ ሐኪምና የማኅፀን ስፔሻሊስት ወረዳ ድረስ ሊደርስ ስላልቻለ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከጀመሩት አንዱ ነው። «ዶክተር ያልሆነ ሰው እንዴት ሆድ ይከፍታል?» ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱን ያገኘሁት በዚያ ሌሊት ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ እህቴ በዚያ ዝናብና ጭቃ ሌላ የሦስት ሰዓት መንገድ ይጠብቃት ነበር።

እንዲህ ያለው አሠራር ለኛ አገር አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ጎንደር አጠገብ ባለችው ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። በአገሪቱ አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም። በዓመቱ፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ጽዳት ባለሙያዎችን) በአንድ ላይ ማሠልጠን ጀመረ። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ ነው። ለገጠሩ ሰው ያኔም የደረሰለት በገጠር አብሮት ለመሥራት የሠለጠነው ባለሙያ ነበር።

እህቴን ኦፕራሲዮን ያደረገው ሰው ለምን እንደቆየ ጠይቄዋለሁ። በብዛት የነገረኝ ስለ ኑሮው ነው። የተወለደው አጎራባች ወረዳ ነው፣ ባለቤቱ እዚሁ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ አላት፣ ትልቁ ልጁ እኔ ጋ ዘጠነኛ ክፍል ይማራል፣ መኖሪያው ደግሞ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው። ያን ሌሊት ተጠርቶ የመጣው ከቤቱ በእግሩ ነው፤ በነጠላ ጫማ። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ቢኖር ኖሮ በዚያ ዝናብ ባጃጅ ሲፈልግ አንድ ሰዓት ያልፍ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባለሙያን በገጠር ስለማቆየት ባወጣው መመሪያ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ምክሮች አንዱ ገጠር ያደጉ ልጆችን ተቀብሎ ማስተማር ነው። መምህር ስለሆንሁ ይህ ነገር ይከነክነኛል። ከትምህርት ቤታችን ሕክምና የሚገባው ተማሪ እጅግ ጥቂት ነው። ላቦራቶሪያችን ውስጥ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ሳይኖር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ለሃምሳ ልጅ እየተዋሰ፣ ልጆቻችን ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር በአንድ ፈተና ይወዳደራሉ። ከዚያ ሐኪም ወደ ገጠር አልሄድ አለ እንላለን። የኛ ሐኪም እኮ እዚህ ዘጠነኛ ክፍል ተቀምጧል፤ የጎደለው የሚያደርሰው ሰው ነው። አዋላጇን ተማሪዬን ተመልከቱ። ከዚህ ወጥታ ተምራ፣ እዚሁ ተመድባ፣ እናቶቹን በስማቸው የምታውቅ ባለሙያ ሆነች።

አሁን ወደ ተመላላሽ ሕክምናው ልምጣ። የደም ግፊትና የስኳር ክትትል አለኝ። እዚህ ላይ ሆስፒታሉ ለረጅም ጊዜ አስመርሮኛል። ጠቅላላ ሐኪሞቹ ይመጣሉ፣ ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ይቆያሉ፣ ይሄዳሉ። አዲስ ሐኪም በመጣ ቁጥር ከሀ እንጀምራለን። አንዱ የስኳር መድኃኒቴን ሜትፎርሚኑን ይጨምርልኛል፣ ተከታዩ ይቀንሰዋል፤ ሁለቱም ያላቸው ምክንያት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንዳቸውም የለወጡት መድኃኒት ምን እንዳመጣ ለማየት አይቆዩም። የስኳር ሕመምተኛ የሚፈልገው ባለፈው መስከረም ስኳሩ ስንት እንደነበረና ለምን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ነው።

ልጆቹን ግን አልወቅስም። ለረጅም ዓመታት ሐኪም የሚያስተምሩት አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ። በኋላ ትምህርት ቤቶቹ በዙ፣ በዓመት የሚገባውም ተማሪ ከመቶዎች ወደ ሺዎች አደገ። ተመራቂዎቹን ጤና ሚኒስቴር በዕጣ ይመድባቸው ነበር። ዕጣው ሰውን ያመጣል፤ አያቆየውም። አንዱን ወጣት ሐኪም ቤቱ ሄጄ ጠይቄው ነበር። የተከራየው አንድ ክፍል ነው፣ ሽንት ቤቱን ከአምስት አባወራ ጋር ይጋራል፣ ውሃ በጀሪካን ያስቀዳል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ወራት ተወዝፎበታል፣ የስፔሻሊቲ ፈተና የሚያጠናበት ኢንተርኔት ደግሞ ማታ ማታ ይጠፋል። ሰባት ዓመት ሕክምና ተምሮ የመጣ ልጅ ነው። ጓደኞቹ ወይ አዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ገብተዋል፣ ወይ ሶማሌላንድ ሄደዋል። የጤና ባለሙያዎች በ2011 እና በ2017 ዓ.ም. የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄያቸውን በአደባባይ ሲያነሡ እኔ ይህ ልጅ ነበር ትዝ ያለኝ። እሱም ወዲያው ነው የሄደው። ይህ ሁሉ እያለ በጀት የለም እየተባለ ተመርቀው ሥራ ያጡ ሐኪሞች ከተማ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እኛ ደግሞ ሐኪም አጥተን ጅማ እንመላለሳለን። ይህ ልቤን ያደማዋል።

አሁን ያለው ሐኪም ግን ቆይቷል፤ ኮከቡ ወደ 4 ከፍ እንዲል ያደረገውም በአብዛኛው እሱ ነው። አስተዳደጉ አዲስ አበባ ነው፤ ትምህርቱን የጨረሰው ጅማ ነው። ጅማ ተማሪዎቹን ከግቢ አውጥቶ ወደ ሕዝቡ በመላክ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የሕክምና፣ የነርስ፣ የላቦራቶሪ፣ የፋርማሲ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ፤ ቲቲፒ ይሉታል። እያከሙ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ስለ ውሃና ስለ ሽንት ቤት ይጠይቃሉ፣ ያዩትን ችግር ከሕዝቡ ጋር ሆነው ለመፍታት ይሞክራሉ። ይህ ሐኪም ተማሪ ሳለ የወጣው የኛው ወረዳ ጤና ጣቢያ ነበር። ሲመደብ ቦታውን ያውቀዋል፤ ጭቃውንም፣ ሰዉንም። ሳያውቅ ከመጣው ጋር ያለው ልዩነት ከመጀመሪያው ሳምንት ታየኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ትልቅ እናት አማርኛ አይሰሙም፤ የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ብቻ ነው። በቀደሙት ሐኪሞች ጊዜ አስተርጓሚ ሆኖ የሚገባው የበሩ ዘበኛ ነበር። እኚህ እናት የሴት ሕመማቸውን በዘበኛው ፊት አፍ አውጥተው ሊናገሩ አልቻሉም፤ «ራሴን ያመኛል» ብለው ፓራሲታሞል ተሰጥቷቸው ይመለሱ ነበር። አዲሱ ሐኪም ሲመጣ ባለቤቴ አጅባቸው ገባች። ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው፤ በሚንተባተብ ኦሮምኛ «ሃዳ ኮ፣ ኤሳቱ ኢሲን ዱኩባ?» (እናቴ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?) አላቸው። ሳቁ። ከዚያ ሁለቱን ወንዶች ተለማማጆች ከክፍሉ አስወጥቶ፣ ቋንቋውን የምትችለውን ነርስ አስጠርቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ አዳመጣቸው። ማኅፀናቸው ወጥቶ ለዓመታት ተሠቃይተው ኖሯል። ጅማ ተልከው ታከሙ፤ ዛሬ ገበያ ራሳቸው ይሄዳሉ። በጎጃምም በሸዋም በከፋም ቢሆን በሽተኛው የሚናገርበትን ቋንቋ የማያውቅ ሐኪም ግማሹን ብቻ ነው የሚመረምረው። የሕክምና ተማሪዎች የሚመደቡበትን አካባቢ ቋንቋ ከትምህርታቸው ጋር ቢማሩ ብዙ ሰው ይድናል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሐኪም የስኳር ሕመምተኞችን በሳምንት አንድ ቀን ለይቶ ያያል፤ እያንዳንዳችን የራሳችን ደብተር አለን፣ ስኳሩን ራሱ ይጽፍበታል። እግሬን ጫማዬን አስወልቆ ያየ የመጀመሪያው ሐኪም እሱ ነው። በሁለት ጣቶቼ መካከል የነበረውን ቁስል እኔ እንኳ አላወቅሁትም ነበር።

አንዱን ኮከብ ያስቀረሁበትን አሁን ልጻፍ። መድኃኒት ቤቱ በወሩ መጨረሻ ባዶ ነው። የጤና መድኅን መታወቂያችሁን ይዛችሁ፣ መዋጮውን በዓመቱ መጀመሪያ ከፍላችሁ፣ መስኮቱ ላይ «የለም፣ ከውጭ» ትባላላችሁ። ደረሰኝ አምጥታችሁ ወረዳው ላይ ማስመለስ ይቻላል፤ ገንዘቡ እስኪመለስ ግን ብዙ ጊዜ ይፈጃል። በእጁ ብር የሌለው ገበሬ መጀመሪያውኑ አይገዛውም። መድኅኑ የተጀመረው ሰው ሲታመም በሬውን እንዳይሸጥ ነበር፤ መድኃኒቱ ከሌለ በሬው መሸጡ አይቀርም። መስኮቱ ላይ የቆመችውን ፋርማሲስት አትቆጧት፤ ጥያቄዋን በወቅቱ ልካለች፣ እሷም የሰዉ ቁጣ አሰልችቷታል።

ራጁ ተበላሽቶ ከቆመ ቆይቷል፤ የሚጠግነው ባለሙያ ከሩቅ መምጣት አለበት። እጁ የተሰበረ ልጅ ለአንድ ፎቶ ጅማ ይሄዳል። ላቦራቶሪው ቀን ጎበዝ ነው፤ ማታ ተረኛው አንድ ሰው ስለሆነ ትጠብቃላችሁ። ሽንት ቤቱ ውሃ ባለበት ቀን ንጹሕ ነው፣ በሌለበት ቀን ለአስታማሚ ይከብዳል። ካርድ ክፍል ጠዋት ይጨናነቃል።

ለሚሄድ ሰው የምመክረው፦ ድንገተኛ ካልሆነ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይታችሁ የሪፈር ወረቀት ያዙ፤ ያለዚያ መድኅናችሁ እያለ ከኪስ መክፈል ይመጣል። የድሮ ካርዳችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ። ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር ወሯ ሲገባ አስቀድማ ጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ ትግባ። አልጋ አለ፣ ምግብ ማብሰያ አለ፣ አዋላጆቹ በየቀኑ ያዩአታል፤ የሰፈር ሴቶች ገንፎ ሊያገነፉ እዚያው ይመጣሉ። እህቴ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት እዚያ ብትተኛ ኖሮ ቃሬዛው ባላስፈለገ ነበር።

ሐኪሙ ሁለት ዓመቱን ሊሞላ ነው። ስፔሻላይዝ ማድረግ ይፈልጋል፤ መብቱም ነው። ክልሉ ስፖንሰር አድርጎት የውስጥ ደዌ ወይም የማኅፀን ሕክምና ተምሮ እንዲመለስ ሆስፒታሉ ደብዳቤ ጽፏል። ደብዳቤው መልስ ካገኘ፣ ሄዶ ሲመለስ የሚገባበት ቤት ሊኖር ይገባል። በቡና ሰሞን ሕዝቡ አዋጥቶ ከሆስፒታሉ ግቢ ጀርባ አራት ክፍል ቤት ጀምሯል። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው በከፊል ተገዝቷል፤ የቀረው የጣሪያው ማዋቀሪያ እንጨት፣ የመብራት መስመርና ከዋናው ቱቦ ውሃ መሳቡ ነው። አናጢዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ይሠራሉ። የወረዳው ተወላጅ ሆናችሁ ይህን የምታነቡና ይህን ቤት የምታውቁት፣ መዋጮውን ለሆስፒታሉ ቦርድ ጸሐፊ መስጠት ትችላላችሁ፤ ደረሰኝ ይቆርጣል። እኛ ከመጪው ክረምት በፊት ጣሪያውን ለመምታት ነው ያሰብነው።